ስልሳ ፊትና አንድ የሞላ ዲስክ

ኮምፒውተሬ ቦታ አልቆብኛል ብሎ እጁን የሰጠው ሠላሳ አንደኛው ፊት ላይ ነው። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር። ለባነሩ የቀረኝ አሥራ አንድ ቀን ነው፣ ምሳዬንም አልበላሁም። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ጠረጴዛው ምን አደረገ? ምንም። እኔ ግን ስናደድ አጠገቤ ያለውን ነገር ካልመታሁ አይወጣልኝም፤ የሚያውቁኝ ሰዎች ስልካቸውን ከፊቴ አንስተው ነው የሚያናግሩኝ።

አሰላ ውስጥ ፎቶ ቤት አለኝ። አንዲት ክፍል ናት፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ ባጃጆች ሰው ለመጫን ከሚሰለፉበት ፊት ለፊት። አንድ ካሜራ፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ኮምፒውተር። ፎቶ ማቀናበር ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩም፤ እየነካካሁ፣ እያበላሸሁ ነው የለመድኩት። ከዲክሲስ ካፖርቱን ደርቦ የመጣ ገበሬ ከኔ ቤት ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ይወጣል፤ በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። አገር ለአገር ተራርቀው የሚኖሩ እህትማማቾችን አንድ ሶፋ ላይ አስቀምጫለሁ። ይህን ሁሉ የምሠራው በአንዲት የፎቶ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው፤ እስከዚያ ማክሰኞ ድረስ ከሷ ጋር ክፉ ቃል ተነጋግረን አናውቅም ነበር።

ሥራውን ያመጣችልኝ በዞኑ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ሴት ናት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ እትዬ እላታለሁ። ድሮ አብረው የተማሩ የአንድ ክፍል ልጆች ተሰባስበው መምህራቸውን ሊያከብሩ ነው።

«የሆምሩም መምህራችን ነበሩ» አለችኝ። «ሒሳብ ነው ያስተማሩን። በወጣትነታቸው ከጎጃም ተመድበው መጡ፣ እዚሁ ቀሩ። አሁን ስኳሩ ዓይናቸው ላይ ወጥቷል። ትንሽ ፎቶ ስንሰጣቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው እሺ፣ እሺ ይሉና ያስቀምጡታል። እንዳላዩት እናውቃለን። ፊት በትልቁ ሲሆን ግን አንዳንዴ ይለያሉ። ሐኪሙ ደግሞ የቀረውም ብዙ አይቆይም ብሏል። ስልሳ ነበርን፤ ስልሳችንንም በስም መጥሪያው ተራ ደርድሪልን። ማሎ እህቴ፣ ጨርሶ ሳይጨልምባቸው አንድ ጊዜ ይዩን።»

አሰላ ውስጥ ሰው ከልቡ ሲለምን «እባክሽ»ን ትቶ ወደ «ማሎ» ይሻገራል። እንቢ የሚባል ልመና አልነበረም።

ስድስት ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ባነር ተስማማን። ሃያ ሃያ ፊት በሦስት መስመር፤ እያንዳንዱ ፊት የምግብ ሰሃን ያህላል። ሁሉም የተማሪነት ጉርድ ፎቶውን በቴሌግራም እንዲልክ፣ ጉርድ ፎቶ የሌለው ደግሞ ከዚያ ዘመን የተረፈችውን ማንኛዋንም እንዲልክ ተነገረ። ከአዲስ አበባ መጣ፣ ከጅማ መጣ፣ ከውጭ አገር መጣ። የሞቱትን ቤተሰቦቻቸው ላኩላቸው። ግማሹ ውኃ የነካው ነው፣ ግማሹ የመታወቂያ ማኅተም ግንባሩ ላይ ያረፈበት። እያጸዳሁ መደርደር ጀመርኩ።

ለእንዲህ ያለ ዓይን የሚሠራ ሥራ እንደ ሌላው መሆን የለበትም ብዬ የጥራቱን ልክ ሦስት መቶ ላይ አደረግኩት። ሦስት መቶ ማለት በአንዲት ኢንች ርዝመት ላይ ሦስት መቶ ነጥብ መጠቅጠቅ ነው። ጉርድ ፎቶ በሦስት መቶ፣ የሠርግ አልበም በሦስት መቶ፤ ከዚያ በታች የሚሠራ ፎቶ ቤት በኛ ዘንድ ይናቃል። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው ለኔ ነው።

የኮምፒውተሬ ዲስክ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሲ በሚባለው ፕሮግራሞቹ ይኖራሉ፤ ዲ በሚባለው፣ በሰፊው፣ የደንበኞቼ ፎቶ ይኖራል። መልእክቱ የሥራ ዲስኩ ሞልቷል ይላል። ገብቼ ሳይ ሲ ቀልቷል፤ ከመቶ ሃያ ጊጋ አንድ እንኳ አልቀረውም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ሳይሞላ በፊት መናገር ምን ነበረበት?

ማጽዳት ጀመርኩ። መጀመሪያ የሄዱት ሥራ ሲቀዘቅዝ የማያቸው የቱርክ ተከታታይ ፊልሞች ናቸው፤ ልጅቷ አባቷን ሳታገኝ ሰረዝኳት። ቀጥሎ ሰዎች አስጽፈው የረሱት የሥራ ማመልከቻ፣ ቀጥሎ ዘፈን። አሥራ ሁለት ጊጋ አገኘሁ፤ በደስታ ሦስት ፊት ጨመርኩ። ረቡዕ መብራት ጠፋ፣ መጣ፤ ኮምፒውተሩን ስከፍት ሲ እንደገና ቀልቷል። ሐሙስ ዴስክቶፑ ላይ የከመርኩትን የደንበኛ ፎቶ ወደ ዲ አሸጋገርኩ፤ መብራት ጠፋ፣ መጣ፤ ቀልቷል። ጠዋት የጠረግኩትን ቦታ ከሰዓት ማን እንደሚሞላው ሊገባኝ አልቻለም።

አርብ ዕለት ጣቴ ወደማይገባው ቦታ ሄደ። ከጮሌ ከተማ መጥተው የተነሱ ሙሽሮች አሉ፣ ፎቷቸውን ሳይወስዱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። እነሱን ሰርዤ አንድ ሁለት ፊት ልጨምርበት? ሙሽራዋ ከስክሪኑ ላይ ትስቅብኛለች። ነገ ብትመጣስ? «አንቺም እኮ አበዛሽው!» አልኳት ጮክ ብዬ። ከዚያ ተውኳት።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራሁት። ከገበያው ወረድ ብሎ ሱቅ ያለው ወጣት ነው፣ እጁ ፈጣን ነው፤ ግን እንደ ከተማችን ጠጋኝ ሁሉ መድኃኒቱ አንድ ብቻ ነው። ፍላሹን ሰክቶ ቫይረስ ፈለገ፣ አጣ። ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ ተቀመጠ።

«አቦ፣ እትዬ፣ ፎርማት ይደረግ» አለ።

ፎርማት ማለት ያለውን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጀመር ነው። እኔ ይህን ቃል እንደ ስድብ ነው የምሰማው። ከዓመታት በፊት አንዱ «ሲን ብቻ ነው የማጠፋው» ብሎኝ የአንዲት ሙሽራ ሙሉ ሠርግ አብሮ ጠፋ። እናትየዋ አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። «ምን ታደርጊው ልጄ» ብለውኝ ሄዱ። ከዚያ በኋላ እሳቸው የሚያልፉበትን መንገድ ትቼ ስንት ወር በጓሮ በኩል ስዞር ከርሜያለሁ።

«ፍላሽህን ንቀልና ሂድ» አልኩት።

«እትዬ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው።»

«ለኔ ብለህ ሂድ።»

ተቀይሞ ወጣ። እኔ ደግሞ ከጮህኩ በኋላ ነው የማስበው። የቀረውን ዕቃ ሁሉ ከሲ ወደ ዲ አሸጋግሬ ሃያ ሁለት ጊጋ አስለቀቅኩና ቅዳሜ ጠዋት የቀጠሮ ደብተሬን ከፈትኩ። ቤት ውስጥ ዘይት ቶሎ ቶሎ ሲያልቅብን ጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት እናደርግ የለ? እንደዚያ ላደርግ ቆረጥኩ። አንድ ነገር በነካሁ ቁጥር ሲ ላይ የቀረውን ባዶ ቦታ እጽፋለሁ።

ፕሮግራሟን ሳልከፍት ሃያ ሁለት። ባነሩን ስከፍትና ጥቂት ስሠራበት አምስት። ባነሩንም ፕሮግራሟንም በወጉ ስዘጋ ተመልሶ ሃያ ሁለት። ደገምኩት፣ ያው ነው። ለካ ስትሠራ ከሲ ላይ ቦታ ትዋሳለች፣ ስትጨርስ ትመልሳለች፣ ከጎረቤት ድስት እንደሚዋስ ሰው። እስከዚህ ድረስ ጨዋ ናት።

አራት ሰዓት ላይ፣ ባነሩ እንደተከፈተ፣ መብራት ድርግም አለ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ መጣ። ኮምፒውተሩን ከፈትኩ፤ ባነሩን አልነካሁም፣ ፕሮግራሟንም አልነካሁም። ባዶ ቦታው አምስት ነው። ሃያ ሁለት አይደለም፣ አምስት። ዓይኔን አሸሁ። ፕሮግራሟን ብቻ ከፍቼ ዘጋኋት፤ አሁንም አምስት።

«ያዝኩሽ!» ብዬ ጮህኩ።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ሌባ የያዝኩ መስሎት መቀሱን እንደጨበጠ እየሮጠ መጣ። «ማን ናት?» አለኝ።

«ድስት ተውሳ የማትመልስ ሴት ናት» አልኩት። ግራ ገብቶት ቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራሷ ስትዘጋ የተዋሰችውን ትመልሳለች። መብራት ሲገድላት ግን የተዋሰችው እንደተጣለ ይቀራል፤ ስትነሳ የትናንቱን አታስታውስም፣ ሌላ ትዋሳለች። አሰላ ውስጥ መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ለሚያውቅ ሰው የቀረውን ማስረዳት አያስፈልግም። እኛ ደግሞ መብራት ሲመጣ እሰይ ብለን ሥራችንን እንቀጥላለን እንጂ ሲጠፋ ምን ጥሎብን እንደሄደ ዞር ብለን አናይም። ሳምንቱን ሙሉ ቫይረስ፣ ፊልም፣ የሰው ሠርግ ስወነጅል ነው የከረምኩት።

የተጣለው የት እንደሚጠራቀም በስልኬ ፈልጌ አነበብኩ። ሲ ውስጥ የጊዜያዊ ፋይሎች ማስቀመጫ አለ፤ የተደበቀ ስለሆነ «የተደበቀው ይታይ» የሚለውን ካልነኩ አይታይም። ነካሁ፣ ገባሁ፣ በመጠን አሰለፍኳቸው። ዘጠኝ ግዙፍ ፋይሎች የፕሮግራሟን ስም ይዘው ከላይ ተቀምጠዋል። የመጀመሪያው የዛሬው ነው፤ አሥራ ሰባት ጊጋ፣ ልክ ደብተሬ ላይ የጎደለውን ያህል። ሌሎቹም ቀን አላቸው። ይሄ የሐሙስ፣ ይሄ የረቡዕ፣ ይሄ ትራንስፎርመሩ ጮሆ የሰፈሩ ሰው ሁሉ በር ላይ የወጣበት፣ ይሄ በረዶው የወረደ ቀን። የመብራት መጥፋት መዝገብ የፈለገ ሰው ከኔ ኮምፒውተር ውስጥ ያገኘው ነበር።

ፕሮግራሟ መዘጋቷን ሁለቴ አረጋግጬ ዘጠኙንም ሰረዝኩ፤ ከቆሻሻ ቅርጫቱም አስወጣኋቸው። ሲ ከቀይ ወደ ሰማያዊ ተመለሰ። ሰባ ሦስት ጊጋ ባዶ! አንዲት የደንበኛ ፎቶ አልጠፋችም፣ የጮሌዋም ሙሽራ እንደሳቀች ናት። ብቻዬን እልል አልኩ፤ ልብስ ሰፊው ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ አጨበጨበልኝ፣ ለምን እንደሆነ ባያውቅም።

ለጠጋኙ ደወልኩለት። ይቅርታ ልጠይቀው ነው ብዬ ራሴን ባታልልም የደወልኩት ልኩራራበት ነው። ሰምቶ ሲያበቃ «እትዬ፣ ይህን ለሰው እንዳይናገሩ፤ ግማሽ ሥራዬ እሱ ነው» አለኝ። በማግስቱ ግን ከሱቁ አንድ አሮጌ ባትሪ ተሸክሞ መጣ፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን አሥር ደቂቃ ያቆያል። በአሥር ደቂቃ ባነሩን አስቀምጦ ፕሮግራሟን በወጉ መዝጋት ይቻላል። ጎበዝ ልጅ ነው፣ መድኃኒቱ ብቻ ነው ያጠረው።

ሰኞ አርባ ሰባተኛው ፊት ላይ መልእክቱ ተመልሶ መጣ። የሥራ ዲስኩ ሞልቷል።

እጄ ወደ ጠረጴዛው ሲሄድ መለስኩት። መብራት አልጠፋም፤ ባትሪውም አልጮኸም። ጊዜያዊ ማስቀመጫውን ከፈትኩ፤ ያለው አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ ሰባ ጊጋ። የተረሳ ድስት አይደለም፣ የዛሬው ነው። በሰባ ጊጋ ድስት ምን ትቀቅላለች? ባነር አታሚው ጋ ደወልኩ።

«ስንት ላይ ነው ያደረግሽው?» አለኝ።

«ሦስት መቶ።»

ሳቀ፣ እስኪበቃው ሳቀ። «ስድስት ሜትር በሦስት መቶ! እህቴ፣ ለባነር መቶም ይበዛል። ባነርን ሰው ከሩቅ ነው የሚያየው።»

«የኔን ግን ሰውየው በአፍንጫቸው ነው የሚያዩት!» ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

ከዘጋሁ በኋላ ፈራሁ። አምስት ቀን ቀርቷል። ጥራቱን ብቀንሰውና ሰውየው ጭጋግ ቢያዩስ? ባልቀንሰውና ባነሩ ባይደርስስ? ሁለቱም ያው ሳያዩ መቅረታቸው ነው። የሰው የመጨረሻ ብርሃን ደግሞ በግምት የሚቆረጥ ነገር አይደለም። ሄጄ ማየት ነበረብኝ።

አንድ ፊት በሰሃን ልክ ሦስት ጊዜ አተምኩ። የተማሪዎቹን እንዳልወስድ ባነሩ ለሳቸው ምስጢር ነው፤ ስለዚህ ካሜራ ስሞክር ያነሳሁትን የራሴን ፊት ወሰድኩ። አንዱ በሦስት መቶ፣ አንዱ በመቶ። ሦስተኛውም በመቶ ነው፤ ግን ጥቁሩን ይበልጥ አጥቁሬ፣ ነጩን ይበልጥ አንጥቼ፣ ከጀርባ ያለውን ሁሉ አጥፍቼዋለሁ። ለሙከራ ያህል እንጂ ብዙም አላመንኩበትም። ማክሰኞ ረፋድ ላይ እትዬ መምህሩ ቤት ወሰደችኝ፤ «ፎቶ ቤት አላት፣ የኅትመት ጥራት እየሞከረች ነው» አለቻቸው። ውሸት አልነበረም።

በረንዳ ላይ ካፖርት ለብሰው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ተቀምጠው እንኳ ረጅም ናቸው። የሦስት መቶውን ሰጠኋቸው። አፍንጫቸው እስኪነካ አስጠጉት፣ ወደ ብርሃኑ ዞሩ፣ ወረቀቱን ዝቅ ከፍ አደረጉት።

«ጭጋግ ነው ልጄ» አሉ።

የመቶውን ሰጠኋቸው። «ይሄም ያው ጭጋግ ነው።»

የምኮራበት ሕግ እዚያ በረንዳ ላይ አለቀለት። በሦስት መቶና በመቶ መካከል ያለውን ልዩነት የሳቸው ዓይን አያውቀውም። ሦስተኛውን የሰጠኋቸው ተስፋ ቆርጬ ነው። ያዙት። ከግንባር ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ አገጭ ቀስ እያሉ ወረዱ፣ እንደገና ወደ ላይ ወጡ።

«ይቺ ሴትዮ» አሉ፣ «ምን ሆና ነው እንዲህ የተቆጣችው?»

እትዬ ሳቋን መያዝ አቅቷት ወደ ጓሮ ሮጠች።

«አልተቆጣችም ጋሼ፣ መልኳ ነው» አልኳቸው።

«አይ፣ ተቆጥታለች» አሉ በእርግጠኝነት።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በቁጣዬ ተደስቼ አላውቅም። ዓይናቸው የሚፈልገው የነጥብ ብዛት አይደለም፤ ጥቁሩ ከነጩ በግልጽ እንዲለይለት ነው። እስከ ሱቄ ድረስ ባጃጅ አልያዝኩም፣ እየተጣደፍኩ በእግሬ መጣሁ።

ባነሩን ወደ መቶ አወረድኩት። ቁመቱም ወርዱም በሦስት ሲካፈል ነጥቦቹ ዘጠኝ ጊዜ ያንሳሉ፤ ይህን ያሰላሁት በስልኬ ነው። የፕሮግራሟ ቅንብር ውስጥ ገብቼ የምትዋሰውን ቦታ ከሲ ሳይሆን ከዲ እንድትወስድ አዘዝኳት። ወደ ኋላ ልመለስ ብል ብላ የምታስታውስልኝን እርምጃ ከሁለት መቶ ወደ ሃያ ቀነስኩት፤ ሁለት መቶ ጊዜ የሚጸጸት ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ከዚያ ከተራ ቁጥር አንድ ጀምሬ ስልሳውንም ፊት አንድ በአንድ አጠቆርኩ፣ አነጣሁ፣ ጀርባቸውን አጠፋሁ። ረቡዕ መብራት ሁለት ጊዜ ጠፋ። ባትሪው ጢጥ ሲል ባነሩን አስቀመጥኩ፣ ፕሮግራሟን ዘጋሁ፣ ኮምፒውተሩን አጠፋሁ፣ ሻዬን ጠጣሁ። ሐሙስ ስልሳኛውን ጨረስኩ፤ ሲ ሰማያዊ ነው፣ ዲም ሰማያዊ ነው፣ የኔ መልክ እንኳ ሳይፈካ አልቀረም። አርብ ታትሞ መጣ።

ቅዳሜ ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ ባነሩን እንደ ደንቡ ከመድረኩ በላይ፣ ጣሪያው ሥር ሰቅለውታል። ባነር ከፍ ብሎ ካልተሰቀለ ክብር የጎደለው ይመስለናል።

«አውርዱት!» አልኩ።

የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ሱፍ የለበሱ ትልቅ ሰው፣ «ለእንግዶቹ በደንብ እንዲታይ ነው እኮ እህቴ» አሉኝ።

«ለእንግዶቹ አልሠራሁትም» አልኳቸው። ድምፄ ከፍ ሳይል አልቀረም፣ ግቢው በሙሉ ዞሮ አይቶኛል። ወረደ። በመረብ ኳስ ሜዳው ሁለት ምሰሶዎች መካከል፣ ሰው ቆሞ ፊቱን ሊያስጠጋበት በሚችለው ከፍታ፣ በገመድ ተወጠረ። ከጭላሎ ተራራ የሚመጣው ነፋስ ስለሚያራግበው ሁለት የቢሮ ኃላፊዎች ሱፋቸውን ለብሰው ከሥር ያዙት።

መምህሩን እትዬ ክንዳቸውን ይዛ አመጣቻቸው። «ቲቸር፣ ክፍሉ ሙሉ ነው፤ ይጥሩ» አለቻቸውና ከመጀመሪያው ፊት ፊት ለፊት አቆመቻቸው። አፍንጫቸውን አስጠጉ፣ ቆዩ፣ ቆዩ።

«ተራ ቁጥር አንድ» አሉ።

«አቤት!» አለች አንዲት ነጠላ የለበሰች ወይዘሮ ከሰው መካከል፤ ሳቅና እልልታ ተቀላቀለ።

«ሁለት።» «አቤት!» «ሦስት።» «ጂራ!» አለ አንዱ በኦሮምኛ፣ አለሁ ማለቱ ነው፤ እሳቸውም «አንተ ድሮም በኦሮምኛ ነው የምትመልሰው» አሉት። እየተራመዱ፣ እየቆሙ፣ አፍንጫቸው ባነሩን እየነካ ቀጠሉ። ውጭ አገር ላለው ወንድሙ መለሰለት፤ ልትመጣ ላልቻለችው ልጇ መለሰችላት። ሃያ ሦስት ላይ መልስ አልነበረም፤ ልጁ ሞቷል። መዳፋቸውን ፊቱ ላይ አሳርፈው ቆሙ። «አቤት» አለች እህቱ ከኋላ፣ በቀጭን ድምፅ። አንገታቸውን ነቀነቁና አለፉ።

ሦስተኛውን መስመር ሲጀምሩ ከኋላዬ ሁለት ሰዎች ሲንሾካሾኩ ሰማሁ።

«በቃላቸው እኮ ነው» አለ አንዱ። «ያን የስም መጥሪያ ስንት ጊዜ ጠርተውታል? ምንም አያዩም።»

«አዎ፣ እኛን ላለማሳዘን ነው» አለ ሌላው።

ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። የደረደርኩት በስም መጥሪያው ተራ ነው፤ መምህር ደግሞ የክፍሉን ቁጥር አይረሳም። ያ ሁሉ ሥራ፣ ያ ሁሉ ፊት፣ እሳቸው ጭጋግ እያዩ ከሆነ ለምን ነበር? ማልቀስም መጮህም አማረኝ፣ ሁለቱንም ዋጥኩት። ሃምሳ፣ አቤት። ሃምሳ አንድ፣ አቤት።

«ሃምሳ...» አሉና አቆሙ።

አስጠጉ። ራቅ አሉ። እንደገና አስጠጉ። «አቤት! ወንድሜ ነው ቲቸር፣ ሐዋሳ ነው ያለው» አለች አንዲት ሴት ልታግዛቸው ብላ።

«አይደለም» አሉ።

ጣታቸውን ፊቱ ላይ ቀሰሩ።

«ሃምሳ ሁለት ይሄ አይደለም። ሃምሳ ሁለት ግንባረ ሰፊ ነው፣ ቅንድቡ የተጋጠመ። ይሄ የኔ ተማሪ አይደለም።»

ሴትየዋ እየተጋፋች ወደ ባነሩ ቀረበች፣ አየች፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «ሚዜው ነው! የወንድሜ ሚዜ ነው!» ብላ ጮኸች።

ሃምሳ ሁለት ጉርድ ፎቶ ስላልነበረው የላከው የሠርጉን ፎቶ ነው፤ ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን፣ ሁለቱም ጥቁር ሱፍ፣ ሁለቱም አበባ ደረታቸው ላይ። እኔ ደግሞ ደንበር ገተር ስል መልከ መልካሙን ሙሽራ አድርጌ ቆርጫለሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ ያውም ይህ ሁሉ ሕዝብ ፊት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ሳልጨርስ ከኋላዬ ያለው ሰውዬ ትከሻዬን ያዘኝ።

«ያያሉ!» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «በቃሉ የሚጠራ ሰው አያቆምም። ያያሉ እኮ!»

ነገሩ ለሁሉም አንድ ላይ ገባቸው። እልልታው ሲነሳ መንገድ ላይ የቆሙት የጋሪ ፈረሶች ደነበሩ። ግቢውን ያናወጠው ስህተቴ ነው። ሃምሳ አንዱን ትክክለኛ ፊት ሲጠሩ ያላመነ ሰው የተሳሳተውን ሲጥሉ አመነ። እኔም ያመንኩት ያኔ ነው።

«ማን ነው የሠራው?» አሉ መምህሩ። ገፋፍተው አቀረቡኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ጥፋቱም የኔ ነው፣ ይቅርታ።»

«ቆይ ልጨርስ» አሉኝና ወደ ሃምሳ ሦስት አለፉ። እስከ ስልሳ ድረስ ማንንም አልዘለሉም። ከዚያ ቀጥ ብለው ወደኔ ዞሩ፣ ክፍል ፊት እንደቆመ ሰው።

«ሃምሳ ዘጠኝ ከስልሳ» አሉ ሁሉም እንዲሰማ። «ጎበዝ።»

ተማሪ ሳለሁ በሒሳብ ከግማሽ በላይ አምጥቼ አላውቅም። እዚያው ሜዳው መካከል ቆሜ፣ ስልሳ ፊት እያየኝ፣ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ።